እኔ የሸፈንኳት ሴት

ከሸዋ ሮቢት ከመውጣቴ በዋዜማው ማታ ሙቀቱ አልበርድ ብሎ ነበር። የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ጋደም ብሏል። እኔ ኢሻ ሰግጄ ሻንጣዬን እፈታለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስፈታው ልጄ ሃዋ በሩ ደፍ ላይ እንደተቀመጠች፣

«እማ፣ ብትፈቺውም ልብሱ አይወልድም» አለችኝ።

ሳቅን።

ሃዋ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ሮቢ ወንዝ ዳር የእኩል የምናርሳት መሬት ነበረችን፤ ታች ሽንኩርትና ማሾ፣ ላይ ማሽላ። እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ትንሽ ቁርአንም ቀርቻለሁ። የቀረውን ዕድሜዬን ማማ ላይ ወጥቼ ግሪሳ ወፍ በወንጭፍ ሳባርር፣ ዝንጀሮና ከርከሮ ስጠብቅ ነው የጨረስኩት። ይህን የምነግራችሁ ኋላ እንጀራ የሆነኝ እሱ ስለሆነ ነው።

መሄድ ወድጄ አይደለም፣ ፈርቼ ነው የሄድኩት። የጎረቤታችን ልጅ ፎዚያ ከሃዋ ጋር አንድ ክፍል የተማረች ናት። በደላላ፣ በአፋር በኩል፣ በእግሯ ወደ ባሕሩ ሄደች፤ ወሬዋ ጠፋ። እናቷ ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የማንም ስልክ ይሁን፣ ብድግ ትላለች። ብዙም ሳይቆይ ሃዋም ስልኳን ይዛ ጓሮ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን ፍራሽ ሳነሳ ከሥሩ ፌስታል አገኘሁ። ውስጡ ሸራ ጫማ፣ ተምርና የስልክ ቻርጀር። አልጮህኩም። ሃዋን ቁጭ አድርጌ፣

«አንቺ ከምትሄጂ እኔ ልሂድ። እኔ ወደ ኬንያ፣ በፀሐይ፣ በድንበሩ በር ነው የምሄደው። ከዚያ በወረቀት አስመጣሻለሁ። ብቻ በዚያ መንገድ ላትሄጂ ቃል ግቢልኝ» አልኳት።

«እስከ መቼ ልጠብቅ?»

«እስክጠራሽ።»

«እሱ ቀን አይደለም፣ እማ።»

«ቢሆንም ቃል ግቢ።»

ቃል ገባች። የሚያስተኛኝም እንቅልፍ የሚነሳኝም ያ ቃል ነው።

አደራውን የተቀበሉኝ የባሌ እህት እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሊነጋጋ ሲል መኪናው መጥቶ ሻንጣዬ ሲጫን፣ «ሂጂ፣ ልጅቱን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት» አሉኝ።

«የእርስዎ ዓይን እኮ ሩቅ አያይም፣ እትዬ» አለቻቸው ሃዋ።

«አንቺ ቅርብ ከሆንሽ ምን አደከመኝ» አሉ እሳቸው።

ጣርማ በር ላይ ስንወጣ ብርዱ አጥንቴ ገባ። ከሥር የይፋት ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ የኛን ቤት አቅጣጫ እንኳ መለየት አቃተኝ። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ድረስ ለመንገዱ የያዝኩትን ቆሎ አልነካሁትም።

ሞያሌ የኬንያው ሹም የቦረና ኦሮምኛ ይናገራል፤ እኔም ከሰንበቴ ገበያ የለቀምኩት ኦሮምኛ አለኝ፣ ተግባባን።

«ሥራሽ?»

«ገበሬ ነኝ።»

«ኬንያ ገበሬ ጠፋ ብለው ላኩሽ?»

«አይ፣ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ነው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«አላህ እስከፈቀደ።»

«አላህ ፈቅዷል እንበል። እኔ የምፈቅደው ሦስት ወር ነው።» ፓስፖርቴን ገለጠ። ፎቶዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ፎቶዬን። «ፎቶው ላይ ምን አስፈርቶሽ ነው?»

«አሁንም እፈራለሁ።»

«እንግዲያው አንቺው ነሽ» ብሎ ማህተሙን መታው።

ናይሮቢ ስገባ ሐምሌ ነበር። በአፍሪካ ምድር፣ ያውም ወደ ታች ወርጄ፣ ሹራብ ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ ብሎ ማን ያስባል? የሮቢት ሰው ሐምሌ ሲባል ወበቅ ነው የሚያውቀው። ምግባቸው ኡጋሊ ይባላል። ገንፎ ነው ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ ገንፎ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ አለው፣ ኡጋሊ መሃሉም ዳሩም ያው ነው። አንድ ነገር ግን ደስ አለኝ፤ ሰዓታቸው እንደኛ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሉ ልክ እንደኛው አንድ ሰዓት ነው። ቋንቋቸውም ቁርአን ለቀራ ሰው ግማሹ የሚታወቅ ይመስላል፤ ኪታብን ኪታቡ ይላሉ፣ ዱዓንም ዱዓ ይላሉ። በዚያ ብቻ ብዙ ቀን ተጽናናሁ።

የእህቴ ልጅ ሰዓዳ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ሐበሻ ምግብ ቤት ትሠራ ነበር። እዚያው ሳህን አጣቢ አስገባችኝ፣ የስደተኛ ወረቀቴንም እየተመላለሰች ጨረሰችልኝ። በጥቂት ወር ውስጥ አግብታ ሞምባሳ ወረደች። ያን ጊዜ ነው ብቻ መሆን ምን እንደሆነ ያወቅሁት። የተከራየኋት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። አከራዬ ማማ ንጄሪ የሚባሉ ወፍራም ሴት ናቸው፤ ቤቱን ያሳዩኝ ለት የተነጋገርነው ይህ ነው።

«መስኮቱ አይዘጋም» አልኳቸው።

«ለዚህ እኮ ነው አየሩ ንጹህ የሆነው።»

«ውሃስ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ ብዙ ነው፣ አትቸኩዪ።»

ሰዓዳ ከመሄዷ በፊት ለአንዲት ደንበኛዋ ስለኔ ነግራ ኖሮ፣ አንድ ኩባንያ ቢሮ ለማጽዳትና ሻይ ለማፍላት ቀጠሩኝ። የኩባንያውን ስም አልጽፍም። ሥራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነገረኝ ያሾፉብኝ መሰለኝ፤ የዱር አውሬ መጠበቅ ነው፣ ግን ከቢሮ ሳይወጡ። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ካሜራ ያስራሉ። አውሬ ሲያልፍ ካሜራው ራሱ ያነሳዋል፣ ሥዕሉ በሰማይ በኩል ናይሮቢ ይመጣል። ከዚያ ኮምፒውተሩ፣ እኛ «ማሽኑ» ነው የምንለው፣ «ይህ ጅብ ነው፣ ይህ ዝሆን ነው» ብሎ ይገምታል። ማሽኑ ሲሳሳት ሰው ያርመዋል፤ ማሽኑም ከእርማቱ ይማራል። ወላሂ እንደ ቁርአን ተማሪ፣ እንደ ደረሳ ነው፤ ያስቀሩትን ይቀራል።

አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ አቺየንግ የምትባለው ልጅና አለቃችን ዋንጂኩ አንድ ሥዕል ላይ ይከራከራሉ። ዋንጂኩ በኔ ዕድሜ ያለች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሳቋ ዘግይቶ የሚመጣ ሴት ናት። ሥዕሉ የሌሊት ነው፣ አንድ ቂጥና አንድ ጭራ ብቻ ይታያል።

«ጅብ ነው፣ ማሽኑም ጅብ ብሏል» ትላለች አቺየንግ።

ትሪውን እንደያዝኩ፣ «ከርከሮ ነው» አልኩ። አፌ አመለጠኝ።

«እንዴት አወቅሽ?» አለች ዋንጂኩ።

«ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከርከሮ ሲሮጥ ጭራውን እንደ ሬዲዮ አንቴና ያቆማል። ጅብ ሲሸሽ ጭራውን የሚወሽቀው የት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

አቺየንግ ሳቀች። ዋንጂኩ አልሳቀችም። ሌላ ሥዕል አሳየችኝ፣ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ጃርቱን በእሾሁ፣ ድኩላውን በጀርባው ነጠብጣብ፣ ዝንጀሮውን በተቀማመጡ ነገርኳት። ሠላሳ ዓመት ካይኔ ያልጠፉ ጠላቶቼ ናቸው፣ እንዴት ይጠፉኛል? በሳምንቱ ወንበር ተሰጠኝ። እንግሊዝኛ ማንበብ እንደማልችል ስነግራት፣ «አውሬዎቹም አይችሉም» አለችኝና ቁልፎቹ ላይ ትንንሽ ሥዕል ለጠፈችልኝ። ለአውሬው ሁሉ በየዓይነቱ ቁልፍ አለ፣ «ሰው» የሚል አለ፣ ነፋስ ቅጠል አንቀሳቅሶ ካሜራው በከንቱ ላነሳው ደግሞ «ባዶ» የሚል አለ። ማታ ማታ የእንግሊዝኛ ፊደል ተማርኩ። የሥራ ፈቃድ ወጣልኝ። አንገቴ ላይ ፎቶዬ ያለበት ባጅ አንጠለጠልኩ፤ እሱም ፎቶ ላይ ፈርቻለሁ።

በየዓመቱ ፐርፎርማንስ ሪቪው የሚሉት የሥራ ምዘና አለ። እዚያ እናትን በልጇ ስም ስለሚጠሩ እኔ «ማማ ሃዋ» ነኝ። ዋንጂኩ ፊት ለፊቷ ኮምፒውተር ከፍታ ጠየቀችኝ።

«ከአንድ እስከ አምስት ለራስሽ ስንት ትሰጫለሽ?»

«ለራሴ? እናንተ ያላችሁትን።»

«ቁጥር ነው የሚቀበለው።»

«እሺ፣ ሁለት።»

«ማማ ሃዋ፣ በቢሮው ትንሹ ስህተት ያንቺ ነው። አንቺ ሁለት ካልሽ እኔ አምስት ብጽፍ ሲስተሙ እምቢ ይለኛል።»

«እኛ አገር ራሱን ለሚያወድስ ሰው ልጅ አይዳርለትም።»

«እዚህ ደግሞ ካላወደስሽ ደረጃ አይጨመርልሽም።»

በግድ ሦስት ተባልኩ። በሁለተኛው ዓመት መሬት መሬት እያየሁ «አምስት» አልኩ፣ በሆዴ ግን አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይቅር በለኝ አልኩ። ዋንጂኩም ቲም ሊደር፣ የቡድን መሪ፣ አድርጋ ልታስሾመኝ፣ ቋሚ ሠራተኛ ልታደርገኝ ለበላዮቿ ጻፈች። ቋሚ ከሆንሽ ኩባንያው ለልጅሽ የቤተሰብ ፈቃድ ያወጣል አለችኝ። ያን ለት ለሃዋ ደውዬ፣ «ቀኑን አገኘሁልሽ፣ ደብዳቤው በወሩ መጨረሻ ይፈረማል» አልኳት። እሷም «እውነት በይ» አለች። ስታለቅስ ነበር መሰለኝ፤ እሷ ስታለቅስ ድምጽ የላትም።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

ከምንጠብቃቸው ጫካዎች አንዱ ከመንደር ጋር ይዋሰናል። ሥራ በጀመርኩ በወሩ ከዚያ ጫካ የመጣ ሥዕል ከፈትኩ። አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማለች። ጎንበስ ብላ፣ የራስ መሸፈኛዋ ወርዶ፣ ቀሚሷን ውሃ ልትሻገር እስከ ጭኗ ሰብስባ። ማንም አያየኝም ብላ ነው። ማሽኑ ዙሪያዋን ቀይ ሳጥን ሠርቶ «ሰው» ብሏል፣ እኔ «ሰው» የሚለውን ቁልፍ እንድነካለት ይጠብቃል። ከነካሁት ሥዕሏ ለጫካ ጠባቂዎቹ ሁሉ ስልክ ይሄዳል። ወንዶች ናቸው።

እኛ ጋ ሴቶች ሲታጠቡ ወንዝ ዳር የደረሰ ሰው ሩቅ ሆኖ ይስላል፣ ፊቱን ያዞራል። ያየም ቢሆን አላየሁም ይላል። የሰውን ገመና የሸፈነ አላህ ገመናውን ይሸፍንለታል እየተባልን ነው ያደግነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ በዚያ ሙቀት እንጨት ተሸክሜ መሸፈኛዬ ወርዷል። ጠባቂዎቹ ይይዟታል ብዬም ፈራሁላት። «ባዶ» የሚለውን ነካሁ።

በማግስቱ ሌላ ሴት መጣች። «ባዶ»። ወንድ ከሆነ፣ ያውም ወጥመድ ሽቦ ከያዘ፣ «ሰው» ብዬ አሳልፌ እሰጣለሁ። ሴት ከሆነች እሸፍናለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የኔ ትንሽ ሰደቃ ናት ብዬ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሴት ግን በሁለት ቀን በሦስት ቀን ትመለሳለች። ግራ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች፤ ቢጫ ጀሪካን አላት። አራተኛ ፎቅ ላይ በሬን የሚያንኳኳ ሰው የለኝም፤ በዚያ ከተማ ተመላልሼ የማያት ሴት እሷ ብቻ ሆነች። ስትመጣ በአማርኛ «ደህና አደርሽ» እላታለሁ። አቺየንግ ዞር ብላ «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ትለኛለች። «ከጎረቤቴ» እላለሁ። ከዚያ «ባዶ» የሚለውን እነካና ጎረቤቴ ትጠፋለች።

ደብዳቤዬን በምጠብቅበት በዚያው ወር፣ ሦስት ቀን ተከታትሎ በዚያው መንገድ ሽማግሌ ጎሽ መጣ። ከመንጋው የተባረረ ብቸኛ ጎሽ ክፉ ነው ይላሉ። በትክክል «ጎሽ» ብዬ ነካሁ። ሥራዬን ሠራሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዋንጂኩ ሁላችንንም ሰበሰበች። አንዲት እንጨት ለቃሚ ጎሽ ወግቷት ሆስፒታል ገብታለች፤ ቢጫ ጀሪካኗ መንገዱ ላይ ተገኝቷል።

«ያልገባኝ ይህ ነው» አለች ዋንጂኩ። «ማሽኑ ሰውና ጎሽ በአንድ መንገድ ሲመላለሱ ካየ ለመንደሩ ሽማግሌ ስልክ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ለዚህ ነው የሠራነው። በዚያ መንገድ ግን በመዝገባችን አንድም ሰው አልፎ አያውቅም።»

ይህን ማስጠንቀቂያ አላውቅም ነበር። ሰው የሚለው ቁልፍ ለመያዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለማትረፍም እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የማሽኑ ባለሙያዎች ሁለት ቀን መረመሩ። ያገኙት ከጎሹ የከፋ ነው። ማሽኑ በሌሎቹ ጫካዎችም ሴት ሲያይ «ባዶ» ማለት ጀምሯል። ወንዱን ያያል፣ ሴቷን አያይም። ለምን እንደሆነ አልገባቸውም። አንዱ ልብሱ ነው አለ፣ ሌላው ጥላው ነው አለ። እኔ አወቅሁ። ማሽኑ እኔ ያስቀራሁትን ቀርቶ ነው።

«ባዶ» የተባለ ሥዕል በሳምንቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ማስረጃ የለም። ደብዳቤው ሐሙስ ይፈረማል፤ ያ ቀን ማክሰኞ ነበር። ዝም ብል ሃዋ በሁለት ወር ውስጥ እኔ ጋ ናት። ዝም ብል ደግሞ ባለሙያዎቹ ልብስና ጥላ ሲመረምሩ፣ በየጫካው ያሉ ሴቶች ጎሽ ወዳለበት ይሄዳሉ። እነሱም ልጅ አላቸው። ያን ለት ዙህር ሰግጄ ተነስቼ፣ እንደገና ሰገድኩ። ከዚያ የዋንጂኩን በር አንኳኳሁ።

«ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ቀና አለች። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ሴቶቹን ባዶ የምለው እኔ ነኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«ከጀመርኩ ጀምሮ።»

«ለምን?»

«ጭኗ ተገልጦ ነበር። ሸፈንኳት።»

ኮምፒውተሯን ከደነችው።

«እኔን እናቴ እንጨት እየለቀመች ነው ያሳደገችኝ» አለች። «አንድ ቀን ወድቃ እስኪመሽ ማንም አላያትም። ብትታይ ይሻላት ነበር፣ ማማ ሃዋ።»

ስወጣ አንድ ነገር አልኳት፤ «ማሽኑ ፊቷንና ገላዋን በግራጫ ይሸፍናት፣ ግን አለች ይበል። ጠባቂዎቹ ሴት አለች የሚል ብቻ ይድረሳቸው።» ዋንጂኩ ይህን ጻፈችው። አሁን በሁሉም ጫካ እንደዚያ ነው የሚሠራው። እኔም ከጠዋት እስከ ማታ ገና ያልጠፉትን ሥዕሎች ደግሜ እያየሁ፣ ሴት ባየሁ ቁጥር «ሰው፣ ሰው፣ ሰው» እያልኩ ማሽኑን መልሼ አስቀራዋለሁ። የኩባንያው ሕግ ግን ሕግ ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው ዓመት እስኪሞላው ቋሚ አይሆንም። አቺየንግ ቲም ሊደር ሆነች፤ ልጅቷ አፍራ ሦስት ቀን ዓይኔን አላየችም። እኔው ሄጄ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

ከጁምዓ በኋላ ለሃዋ ደወልኩ። እሷ አሁን አሥራ ስምንት ዓመት አልፏታል፤ ድምጿ የኔን ድምጽ እየመሰለ መጥቷል።

«ወረቀቱ ዘንድሮ አይሆንም» አልኳት።

«ተባረርሽ?»

«አልተባረርኩም። ጥፋት አጥፍቼ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳት። ከተለየኋት ጀምሮ ደህና ነኝ፣ ይመስገን፣ ሁሉ ሞልቷል እያልኩ ስነግራት የኖርኩ ሴት፣ የማይዘጋውን መስኮት ሳይቀር ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

«ሴትዮዋ ዳነች?» አለችኝ።

«ተርፋለች። እግሯ ግን ገና ነው።»

«ስሟ ማን ነው?»

ሁለት ዓመት ደህና አደርሽ ያልኳት ሴት ናት። «አላውቅም» አልኩ።

«ጠይቂ እንጂ፣ እማ።»

«እጠይቃለሁ።»

በዚያ በኩል እትዬ ዘሃራ «ማነው?» ሲሉ ሰማሁ። ሃዋ «እማ ናት» አለቻቸው፤ እሳቸውም «ሰላም በይልኝ፣ ቀኑ ደረሰ ወይ በያት» አሉ።

«እና ዓመት ልጠብቅ?» አለችኝ።

«ዓመት።»

«ዓመት አልችልም። እስከ አረፋ እጠብቃለሁ።»

«ከአረፋ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ቃሌን እመልስልሻለሁ። ተደብቄ አልሄድም፣ ነግሬሽ ነው የምሄደው። አንቺም ስለነገርሽኝ።»

ልለምናት ነበር። ልቆጣት፣ ላስፈራራት፣ ባሕሩን ልነግራት ነበር። ባሕሩን ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች፤ የፎዚያ እናት በየቀኑ በደጇ ነው የምታልፈው። እውነቱን ከተናገርኩ በኋላ ማስፈራሪያው አፌ ላይ አልቆም አለ።

«ልዝጋው?» አለች።

«አትዝጊው። ዝም ብለሽ አስቀምጪው።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ሥራሽን ሥሪ። አስቀምጪው ብቻ።»

የሆነ ነገር ላይ አስቀመጠችው። ባጃጅ ሲያልፍ ሰማሁ። እትዬ ዘሃራ ሲያስሉ ሰማሁ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ የቤታችን ቆርቆሮ ሙቀቱን እየለቀቀ ጠሽ ጠሽ ሲል ሰማሁ፤ ያ ድምጽ እንዲህ እንደናፈቀኝ አላውቅም ነበር። ባልዲ ተነሳ፣ ውሃ ተደፋ። የሃዋ እግር ወደ ደጅ ሲሄድ ሰማሁ፣ ሲመለስ ሰማሁ። እንደገና ወደ ደጅ ሄደ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ፣ እግሯ እስኪመለስ ጠበቅሁ።